ልስኑና ግንቡ፦ ከወሊድ በኋላ የሚላላ ሆድና የቀዶ ጥገናው ታሪክ

የሰው አካል ለመሐንዲስ ፈጽሞ እንግዳ የሆነ ሥራ አይደለም። አጥንት ምሰሶና አግዳሚ፣ ደም ሥር ቧንቧ፣ ልብም ፓምፕ ተብሎ ሲመሰል ኖሯል። ከዚህ ሁሉ መካከል እምብዛም የማይነሣው ክፍል የሆድ ግድግዳ ነው። ይሁን እንጂ ከጎድን አጥንት በታች ጀምሮ እስከ ዳሌ አጥንት ድረስ ያለው የፊት ለፊት ግድግዳ አንዲት አጥንት እንኳ ሳይኖርበት በውጥረት ብቻ የቆመ ነው። ይህ ግድግዳ በእርግዝና ጊዜ የሚሸከመው ጭነት፣ ከወሊድም በኋላ የሚደርስበት መላላት የመዋቅር ጥያቄ ነው። የቀዶ ሐኪሞችም መፍትሔውን ሲሹ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አሳልፈዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ፍለጋ በአጭሩ መተረክ ነው። ጸሐፊው መሐንዲስ እንጂ ሐኪም ስላልሆነ ለሕመምተኛ ምክር መስጠት አይዳዳውም። ሆኖም በሕንፃ ሥራ ዘወትር የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ ይኸውም «ስንጥቁ በልስኑ ላይ ነው ወይስ በግንቡ?» የሚለው ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጥንት የሌለው ግድግዳ

ከሆድ ፊት ለፊት፣ ከእምብርት ግራና ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች የተዘረጉ ሁለት ረጃጅም ጡንቻዎች አሉ። በጎንና በጎን ደግሞ ሦስት ጠፍጣፋ ጡንቻዎች እርስ በርሳቸው ተደራርበው ይገኛሉ፤ የጡንቻዎቹ ጭረቶች እንደ ኮምፔንሳቶ ንጣፎች በተለያየ አቅጣጫ የተነጠፉ ናቸው። የግራውም የቀኙም ጡንቻዎች ጅማታማ ሽፋን መካከል ላይ ተገናኝቶ ይጠላለፋል። ይህ የመገናኛ መስመር በላቲን «ሊኒያ አልባ» ይባላል፤ ነጭ መስመር ማለት ነው። በጀርመን አገር በአኽን ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች በ2001 እንዳሳዩት፣ የነጩ መስመር ጭረቶች ከፊት ወደ ኋላ በሦስት ወገን የተሰናዱ ናቸው፦ መጀመሪያ ሰያፍ የሆኑት፣ ቀጥሎ አግድም የተዘረጉት፣ በስተኋላም መልክ የሌላቸው። ስለዚህ ነጩ መስመር ተራ ስፌት ሳይሆን ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ስበት የሚያስማማ መጋጠሚያ ነው ለማለት ይቻላል።

ይህ መጋጠሚያ በእርግዝና ጊዜ ምን እንደሚደርስበት ለማስረዳት የላፕላስ ሕግ ይበቃል። በስስ ግድግዳ በተሠራ ክብ ዕቃ ውስጥ ግፊቱ ሳይለወጥ ሬዲየሱ ቢያድግ፣ በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ውጥረት በዚያው መጠን ያድጋል። ከእርግዝና በፊት ከ100 ግራም በታች የሚመዝነው ማሕፀን በመውለጃው ሰዓት ባዶውን ወደ 1 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ በውስጡም 5 ሊትር ያህል ይይዛል። ከዚህም ጋር የእርግዝና ሆርሞኖች ተያያዥ ሕዋሳትን ያለሰልሳሉ። ጭነቱ ሲጨምር ዕቃውም አብሮ ይለሰልሳል ማለት ነው። ይህ የተፈጥሮ ጥበብ ነው፤ ግድግዳው ባይላላ ኖሮ ፅንሱ የሚያድግበት ስፍራ ባላገኘ ነበር።

ከወሊድ በኋላ የሚታየው ለውጥ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሦስት ነው። አንደኛው የቆዳው ነው፦ የተለጠጠው ቆዳ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ፣ ሸንተረርም ሊያወጣ ይችላል። ሁለተኛው ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ነው። ሦስተኛው የነጩ መስመር መስፋትና የሁለቱ ቀጥ ያሉ ጡንቻዎች መራራቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ልስን ናቸው፤ ሦስተኛው ግንብ ነው። ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ የወረደ ሆድ ብቻ ስለሚመስሉ፣ ሐኪሞችም ሕዝብም ለረጅም ዘመን በአንድ ስም ሲጠሯቸው ኖረዋል።

ከመታጠቂያ ወደ ቢላዋ

የላላውን ሆድ ከውጭ ማሰር ከቀዶ ሕክምና እጅግ የቀደመ ዘዴ ነው። በአገራችን አራስ ወገቧን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ መታጠቋ የታወቀ ነው፤ ተመሳሳይ ልማድ በብዙ አህጉር ይገኛል። መሐንዲስ ይህን ሲያይ የሚያስታውሰው የተሰነጠቀ ምሰሶ ላይ የሚጠመጠመውን የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ጭነቱን ለጊዜው ይካፈላል፣ ጀርባንም ያሳርፋል፤ ስንጥቁን ግን አይዘጋም።

በፈረንሳይ አገር የሊዮን ከተማ ሐኪም የነበረው ፍራንዝ ግሌናር በ1885 ይህን መታጠቂያ የሕክምና ትምህርት አደረገው። እንደ እርሱ አስተሳሰብ የላላ ሆድ ያላቸው ሰዎች፣ ይልቁንም የወለዱ ሴቶች፣ የሚሰማቸው ድካም፣ የምግብ አለመፈጨትና የመንፈስ ጭንቀት ሁሉ የሆድ ዕቃ ከስፍራው በመውረዱ የመጣ ነው። ግሌናር ሆዳቸውን በእጁ ወደ ላይ ደግፎ ሕመሙ ቀለል ካላቸው መታጠቂያ ያዝላቸው ነበር። ሐሳቡ በአውሮፓና በአሜሪካ በሰፊው ተሠራጨ። ከመታጠቂያውም አልፎ ወርዷል የተባለውን ኩላሊት ወይም ጨጓራ ከስፍራው መልሰው የሚሰፉ ቀዶ ሐኪሞች ተነሡ። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ግን ከነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ ጥቅም የላቸውም ተብለው ተተዉ።

ታሪኩ የሚያስተምረው አለ። ሴቶቹ ሕመም እንዳለባቸው ግሌናር ማመኑ መልካም ነበር፤ ምክንያቱን ግን ሳይለካ ወሰነ። ትምህርቱ ሲወድቅ የሴቶቹም ሕመም አብሮ የተረሳ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ የላላ ሆድ በአመዛኙ የመልክ ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

ሁለት መንገዶች

ሆድን በቢላዋ ለማረም ሁለት ነገሮች ቀድመው መገኘት ነበረባቸው፦ በ1846 በቦስተን በይፋ የታየው የኤተር ማደንዘዣና በ1867 ጆሴፍ ሊስተር ያስተዋወቀው ጀርም ገዳይ ዘዴ። ከነዚህ በኋላ ሥራው በሁለት መንገድ ተጀመረ፤ የሁለቱ መንገዶች ባለሙያዎች ግን ለረጅም ጊዜ እምብዛም አልተገናኙም።

የመጀመሪያው መንገድ የልስን ነበር። በ1899 በባልቲሞር ከተማ የጆንስ ሆፕኪንስ የማሕፀን ሐኪም ሃዋርድ ኬሊ ከአንዲት ሴት ሆድ ላይ 7450 ግራም የሚመዝን ቆዳና ስብ በአግድም ቆርጦ ማንሣቱን ገለጸ። የዚያ ዘመን ሥራ ትኩረቱ የተንጠለጠለውን ሸክም ማስወገድ ነበር። ለሚገለማ፣ ለሚቆስልና መራመድ ለሚከለክል ሆድ ይህ ታላቅ እፎይታ እንደነበር አይካድም። በ1900 ደግሞ በብሬስላው ከተማ የነበረው ዮሐንስ ፋነንሽቲል ከብልት አጥንት በላይ ዝቅ ብሎ በአግድም የሚቀደደውን ስልት አስተዋወቀ። ዛሬ በብዙ አገር በቀዶ ጥገና የሚያዋልዱ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቅድ ከዚህ የመጣ ነው። ጠባሳውን ዝቅ አድርጎ የመሰወር ሐሳብም ለኋላው የሆድ ቀዶ ጥገና መሠረት ሆነ።

ቆዳ በየት አቅጣጫ ቢቀደድ በደንብ እንደሚገጥም ቀድሞ የመረመረው የቪየናው አናቶሚስት ካርል ላንገር ነው። በ1861 የሬሳ ቆዳ በክብ ወስፌ ሲወጋ ቀዳዳው ክብ ሆኖ እንደማይቀርና ወደ አንድ ወገን እንደሚሳብ አሳየ። ቀዳዳዎቹን አያይዞም በአካል ላይ ያሉትን የውጥረት መስመሮች በካርታ ነደፈ። የአንድን ቁስ ውስጣዊ ውጥረት ቀዳዳ ከፍቶ ለማወቅ የሚደረገው የዛሬ ምርመራ የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የግንብ ነበር፤ ይኸውም የሄርኒያ ጥገና ነው። በ1901 አሜሪካዊው ዊልያም ሜዮ እምብርት ላይ የሚወጣውን ሄርኒያ የጅማቱን አንድ ጠርዝ በሌላው ላይ ደርቦ በመስፋት መዝጋትን አስተማረ። ቆርቆሮ ሲገጠም ጠርዙን ጫፍ ለጫፍ ከማገናኘት ይልቅ መደረብ እንደሚሻል ለምናውቅ ሰዎች አስተሳሰቡ ግልጽ ነው። ሆኖም ሄርኒያ ጠጋኞቹ የሚያዩት ቀዳዳ ሲኖር ብቻ ነበር። ሳይቀደድ የሰፋ መጋጠሚያ፣ ማለትም አብዛኞቹ እናቶች ላይ የሚታየው ለውጥ፣ ከሁለቱም መንገዶች ውጭ ቀረ።

ወደ ግንቡ መመለስ

በ1957 አሜሪካዊው ቨርነን የሆዱን ቆዳ ከጡንቻው ላይ በሰፊው ገልጦ ወደ ታች የሚስብበትን፣ እምብርቱንም በስፍራው ትቶ በቆዳው ላይ በሚከፈት አዲስ ቀዳዳ የሚያወጣበትን ስልት አሳተመ። ሥራው የቆዳ ቢመስልም ውጤቱ ሌላ ነበር። ቆዳው ሲገለጥ ግድግዳው በሙሉ ከጎድን አጥንት እስከ ዳሌ ድረስ ለቀዶ ሐኪሙ ዓይን ታየ። ልስኑ ሲላቀቅ ግንቡን መመርመር ተቻለ ማለት ነው።

ሁለቱን መንገዶች ካገናኙት ሰዎች ዋነኛው ብራዚላዊው ኢቮ ፒታንጊ ነው። ፒታንጊ በሪዮ ዴ ዣኔሮ በሚገኘው ሳንታ ካዛ በተባለው የምጽዋት ሆስፒታል ለድሆች የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ክፍል አቋቁሞ ነበር። በታኅሣሥ 1961 ከሪዮ ማዶ በኒቴሮይ ከተማ የሰርከስ ድንኳን ተቃጥሎ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሲያልቁ፣ የተቃጠሉትን ሕፃናት ካከሙት ሐኪሞች አንዱ እርሱ ነበር። በ1967 ያሳተመው ጽሑፍ በተከታታይ የሠራቸውን 300 የሆድ ቀዶ ጥገናዎች የሚተነትን ነው። በስልቱም ቅዱ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ ቆዳው ከተገለጠ በኋላ የተራራቁት ቀጥ ያሉ ጡንቻዎች ሽፋናቸው ሳይከፈት ከላይ እስከ ታች በስፌት ይቀራረባሉ፤ ቆዳው የሚቆረጠው ከዚያ ወዲያ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል መጀመሪያ ግንቡ ይታሰራል፣ ልስኑም በግንቡ ልክ ይመጠናል። ዛሬ አብዶሚኖፕላስቲ የሚባለው ሥራ በመሠረቱ ይህንኑ ሥርዓት ይከተላል። ፒታንጊ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ነሐሴ 2016 ድረስ፣ የአካል ጉድለት የሚያደርሰው የኅሊና ሥቃይ ለሀብታም ብቻ የሚታከም መሆን የለበትም ሲል ይከራከር ነበር።

ስፌቱ ራሱ ምን ያህል እንደሚችል ግን መለካት ነበረበት። በ1976 እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጄንኪንስ ስለሚፈነዳ የሆድ ቁስል ሲጽፍ ጉዳዩን እንደ መካኒክስ ጥያቄ አቀረበው። ሆድ ከቀዶ ጥገና በኋላ ሲነፋ የቁስሉ ርዝመት እስከ 30 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል አሰላ። ክሩ ለዚህ መለጠጥ ትርፍ ርዝመት ከሌለው ሥጋውን እንደ ቢላዋ ይቆርጠዋል። ስለዚህ የክሩ ርዝመት ከቁስሉ ርዝመት ቢያንስ አራት እጥፍ እንዲሆን ደነገገ። በ2015 በኔዘርላንድ በ560 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ከዚያ ቀጠለ። በየ1 ሴንቲሜትር ከተሰፉት 21 በመቶ፣ በየ5 ሚሊሜትር በትንንሹ ከተሰፉት ግን 13 በመቶ ብቻ በአንድ ዓመት ውስጥ ሄርኒያ ወጣባቸው። በጥቂት ትላልቅ ብሎኖች ፈንታ ብዙ ትንንሽ ብሎኖች ጭነቱን በእኩል እንደሚያከፋፍሉ የሚያውቅ አንባቢ በውጤቱ አይደነቅም።

ስፌት ብቻውን የማይበቃበት ግድግዳም አለ። ለዚህ በቴክሳስ የነበረው ፍራንሲስ አሸር በ1958 ከፖሊኢትሊን የተሸመነ መረብ፣ በ1960ዎቹም መጀመሪያ ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራውን አስተዋወቀ። መረቡ ለሆድ ግድግዳ ፌሮ ነው፤ ሥጋው በቀዳዳዎቹ ውስጥ አድጎ እንደ አርማታ ይይዘዋል። በኋላ ግን ፌሮ ከመጠን በላይ ቢጠነክርም ጉዳት እንዳለው ታወቀ። ከባዱና ድፍን የሆነው መረብ ከሚንቀሳቀሰው ሆድ ጋር አብሮ ሳይለጠጥ ደረቅ ጠባሳ ስለሚያበጅ፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቀለል ያለና ቀዳዳው ሰፊ መረብ ወደ ሥራ ገባ።

ደም፣ ስብና ውጥረት

ቆዳን በሰፊው መግለጥ ዋጋ ያስከፍላል፤ ከሥር የሚመጡት የደም ቧንቧዎች ይቆረጣሉና። በ1979 ሂዩገር የሆድን ቆዳ በደም አቅርቦቱ በክልል ከፍሎ አሳየ። ቆዳው ከተገለጠ በኋላ ደም የሚያገኘው በአመዛኙ ከጎን ከሚመጡት ቧንቧዎች ነው፤ ከመስመሩ መጨረሻ የሚገኘውና በጣም የሚወጠረው መካከለኛው የታችኛው ጠርዝ ነው። በውኃ መሥመር መጨረሻ ላይ ያለ ቤት ግፊት ሲቀንስ መጀመሪያ እንደሚጠማ፣ ይህም ስፍራ መጀመሪያ ይሞታል። ትንባሆ ቧንቧዎቹን ስለሚያጠብ ሐኪሞች ከቀዶ ጥገናው በፊት ማጨስ እንዲተው የሚያስገድዱት ለዚህ ነው።

በ1970ዎቹ በሮም ጆርጆ ፊሸር፣ በፓሪስም ኢቭ ዠራር ኢሉዝ ስብን በቀጭን ቧንቧ የመምጠጥን ሥራ ጀመሩ። በ1987 አሜሪካዊው ጄፍሪ ክላይን ስቡን አስቀድሞ በብዙ የቀጠነ የማደንዘዣ ፈሳሽ በመሙላት የደም መፍሰስን ቀነሰ። ብዙ ሰው ይህን ለላላ ሆድ ሁሉ መድኃኒት አድርጎ ገመተው። መምጠጥ ግን ስብን እንጂ የሰፋውን ነጭ መስመር አይነካም፤ የላላውንም ቆዳ አይሰበስብም። በ2001 ብራዚላዊው ሳልዳኛ መምጠጥን ከአብዶሚኖፕላስቲ ጋር አጣምሮ፣ ቆዳው ከመካከል በጠባቡ ብቻ እንዲገለጥ በማድረግ የደም ቧንቧዎቹን ማዳን እንደሚቻል አሳየ።

ውጥረቱን የማከፋፈል ጥያቄም ተከተለ። በ1995 አሜሪካዊው ቴድ ሎክውድ ከቆዳ ሥር ያለውን ጠንካራ ስስ ሽፋን በጎን በኩል በማሰር ጭነቱን ከቆዳው ጠርዝ ላይ አነሣ። በ2000 ሐኪሞቹ ሁለት ፖሎኮች ቆዳውን ከሥሩ ካለው ግድግዳ ጋር ደረጃ በደረጃ የሚያያይዙ ስፌቶችን አቀረቡ። በዚህም ባዶ ስፍራው ስለሚዘጋ፣ ከቀዶ ጥገናው ችግሮች ሁሉ የሚያዘወትረው የፈሳሽ መጠራቀም ቀነሰ። ሌሎቹ አደጋዎች ቁስል ማመርቀዝ፣ የቆዳ መደንዘዝ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ደግሞ በእግር ደም ሥር ረግቶ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ናቸው። ሥራው ከባድ ቀዶ ጥገና እንጂ የቁንጅና ሳሎን ጉዳይ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

በዚሁ መካከል አንድ ያልታሰበ ፍሬ ተገኘ። በ1982 በአትላንታ ከተማ ካርል ሃርትራምፍ በሆድ ቀዶ ጥገና ተቆርጦ የሚጣለውን የታችኛውን ሆድ ቆዳና ስብ ከጡንቻው ጋር ሳያላቅቅ ወደ ላይ አዙሮ፣ በካንሰር ምክንያት ጡታቸውን ላጡ ሴቶች አዲስ ጡት ሠራበት።

በሴንቲሜትር የሚወሰን ጉዳይ

የዚህ ታሪክ የመጨረሻው ምዕራፍ በቀዶ ጥገና ክፍል ሳይሆን በመለኪያና በገንዘብ ቤት ውስጥ የተጻፈ ነው። በ2009 በታተመ ጥናት ያልወለዱ 150 ሴቶች በአልትራሳውንድ ተለክተው፣ ከእምብርት 3 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ የነጩ መስመር ስፋት እስከ 22 ሚሊሜትር ድረስ ጤነኛ ሊባል እንደሚችል ታወቀ። በ2016 በኖርዌይ የታተመው ደግሞ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ 300 ሴቶችን ተከታትሎ፣ የጡንቻ መራራቅ ከወሊድ በኋላ በ6ኛው ሳምንት በ60 በመቶ፣ በ6ኛው ወር በ45 በመቶ፣ በ12ኛው ወር በ33 በመቶ ያህል መገኘቱን ገለጸ። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን፦ ግድግዳው በራሱ የመመለስ ታላቅ ችሎታ አለው፤ ነገር ግን ከሦስት እናቶች በአንዷ ላይ በዓመቱም አልተመለሰም።

እነዚህ እናቶች ሁሉ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸዋል ማለት አይደለም። በ2021 የወጣው የአውሮፓ የሄርኒያ ማኅበር መመሪያ ከ2 ሴንቲሜትር በላይ የሆነውን መራራቅ ለውጥ ብሎ ሲሰይም፣ ከቢላዋ በፊት በፊዚዮቴራፒ የሚመራ እንቅስቃሴ እንዲሞከር ያዛል። ሌላ ልጅ ለመውለድ የምታስብ እናት ቀዶ ጥገናውን እንድታቆይ የሚመከረውም፣ የታሰረው ግንብ ዳግመኛ ለዚያው ጭነት ስለሚጋለጥ ነው። በሌላ በኩል በ2016 በስዊድን የታተመ ጥናት ሕመም የነበረባቸውን ሕመምተኞች በመረብና በሁለት ረድፍ ስፌት አክሞ አነጻጽሯል። በዓመቱ በሁለቱ ስልቶች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም፤ በሁለቱም ወገን ግን ሕመሙ ቀንሶ የጡንቻው ኃይል ጨምሯል። እንግዲህ ግሌናር ሳይለካ የገመተው ነገር ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ በከፊል እውነት ሆኖ ተገኘ፦ የላላ ግድግዳ በእርግጥ ሊያም ይችላል።

ይህ በተግባር ምን ለውጥ እንደሚያመጣ የአውስትራሊያ ምሳሌ በደንብ ያስረዳል። በዚያች አገር የመንግሥት የጤና መድን ከጥር 2016 ጀምሮ ከወሊድ በኋላ ለሚደረገው የሆድ ጥገና መክፈሉን አቆመ፤ ሥራው በአንድ ብዕር ከሕክምና ወደ ቁንጅና ተዛወረ። ቀዶ ሐኪሞችና እናቶች ለስድስት ዓመታት ያህል ተከራክረው፣ በሐምሌ 2022 ክፍያው በአዲስ አንቀጽ ተመለሰ። አንቀጹ የሚጠይቀው በምስል ምርመራ የተረጋገጠ ቢያንስ 3 ሴንቲሜትር መራራቅን፣ የሕመም ወይም የሽንት መቆጣጠር ችግርን፣ በፊዚዮቴራፒ ተሞክሮ አለመዳንን፣ እንዲሁም ባለፉት 12 ወራት አለማርገዝን ነው። በነዚያ ስድስት ዓመታት የሴቶቹ ሆድ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስሙ ነበር። ስሙ ግን ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ለመቀመጥ ወይም ልጇን ለማንሣት የሚያማት እናት ከራሷ ኪስ እንድትከፍል ወይም ሕመሟን ችላ እንድትኖር ያደርግ ነበር።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንቀስመው ትምህርት ለሙያችን ቅርብ ነው። ኬሊ ልስኑን አነሣ፤ ሜዮ የግንቡን ቀዳዳ ደፈነ፤ ፒታንጊ ሁለቱን በቅደም ተከተል አገናኘ፤ ጄንኪንስና ተከታዮቹ ጭነቱን አሰሉ። እያንዳንዱ እርምጃ የተገኘው አንድ ሰው በውጭ የሚታየውን ከሚሸከመው ክፍል ለይቶ ሲያይ ነው። ሁለቱ ሲምታቱ ግን የሚጎዳው ሁለት ዓይነት ሰው ነው፦ ቆዳዋ ብቻ ላልቶ ጊዜና እንቅስቃሴ ሲበቃት ለከባድ ቀዶ ጥገና የምትቸኩለው፣ እንዲሁም ግድግዳዋ በእርግጥ ተራርቆ ሳለ «ይህ የመልክ ጉዳይ ነው፤ ልጅ የወለደች ሁሉ እንዲህ ናት» ተብላ የምትሸኘው።

በአንድ ሕንፃ ላይ ስንጥቅ ሲታይ ባለቤቱ ቀለም እንዲቀባ የሚመክር፣ ወይም ሳይመረምር ይፍረስ የሚል መሐንዲስ በማኅበራችን ውስጥ ክብር አይኖረውም። መጀመሪያ ልስኑን አንሥቶ ያያል፣ ይለካል፣ ጭነቱን ያሰላል፤ ስም የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ለእናቶች ሆድም ይኸው ሥርዓት እንዲደርሳቸው መቶ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆኗል። ዛሬ መለኪያው አለ፤ የሚቀረው ከፍርዱ በፊት መለካት ነው።